ጭራው እስኪጠፋ

አማቷ ማማረር ካቆሙ ወዲህ ውሃ ቀያሪዋ እንቅልፍ አጣች።

“አማት ዝም ካለች ሌላ ምን ይፈለጋል?” የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ሴትዮዋን አታውቋቸውም። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ምራታቸው ያቀረበችላቸውን ሁሉ፣ ሾርባም ይሁን የተቀቀለ ድንች፣ በማንኪያ ጫፍ ቀመስ አድርገው፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው “ጨው አንሶታል” የሚሉ ሰው ነበሩ። ጨው ሲጨመርበትም ያው አንሶታል ነው። አንድ ቀን ምራቲቱ ደሟ ፈልቶ እፍኝ ሙሉ ብትነሰንስበት፣ ባሏ ትን ብሎት ሲያስል እሳቸው ረጋ ብለው አጣጥመው “አሁንም ትንሽ ይቀረዋል” አሉ። ከዚያ ሳህኑን በአንድ ጣታቸው ገፋ ያደርጉና ከቤታቸው በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡትን ዳቦ ያወጣሉ። መቼም ሰው ስድብ ይረሳል። ያቺን በአንድ ጣት መግፋት ግን ምራቲቱ አልረሳቻትም።

ስሟንም አይጠሩም ነበር። “የልጄ ሚስት” ነው የሚሏት። ከፊታቸው ቆማ እንኳ “የልጄ ሚስት ውሃ ታምጣልኝ” ይላሉ፣ ልክ ሌላ ሰው እንደሚልኩባት። ሁለቱ እንዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ዓመታት አለፉ።

ታዲያ አማትየው ባላቸው ሞቱባቸው። ልጃቸው ቤታቸውን ቆልፎ፣ አንዲት ሻንጣና የሟቹን ረጅም ካፖርት ይዞ አመጣቸው። መጡ ማለት ይከብዳል እንጂ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ካፖርቱን ደረቡ፤ ጫፉ ከወንበሩ ወርዶ ከኋላቸው ወለሉ ላይ ይጎተታል። ከአንድ ስኒ ሻይ በቀር የቀረበላቸውን ያዩትና ሳይነኩት “ይመስገን፣ ቆንጆ ነው” ይላሉ። ምራቲቱን ያስፈራቻት ያቺ “ቆንጆ ነው” ናት። እሳቸው ከአፋቸው ማር ጠብ የሚል ሰው አልነበሩማ።

ክሊኒክ ወሰዷቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ፣ ደማቸውን አስመርምሮ፣ “የተለየ በሽታ የለባቸውም” አለ። “ግን አቅማቸው ተሟጧል። አሁን ተራ ጉንፋን እንኳ ቢይዛቸው የሚከላከሉበት የላቸውም። ይብሉ።” ባሏ ከባድ መኪናውን አስነስቶ ለረጅም መንገድ ሲወጣ፣ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ዞር አለና “እናቴን አደራ” አላት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ይብሉ” የምትለዋ ቃል ለምራቲቱ ጸሎትም ሥራም ሆነች።

ቤት ውስጥ ብቻቸውን ትታቸው መሄድ ስላልሆነላት ሥራ ቦታዋ ይዛቸው መዋል ጀመረች።

ሥራዋ ውሃ መቀየር ነው። ከአንድ የምርምር ግቢ ጀርባ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ረጅም ክፍል አለ። በግድግዳው ዳርና ዳር የመስታወት ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ በየገንዳው የእንቁራሪት ልጆች አሉ። በዚያ ክፍል “ጭራሞቹ” ነው የሚባሉት፤ እጅና እግር ሳያወጡ፣ ጭንቅላትና ጭራ ብቻ ሆነው ስለሚዋኙ። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ናቸው። ፀሐይ በነሱ ገብታ ውሃውን ስትነካው ጣሪያው ላይ ብርሃን መዋኘት ይጀምራል። ፓምፖቹ እንደሚያንጎላጅ ሰው ያጉረመርማሉ። የገባ ሁሉ ማንም ዝም በል ሳይለው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ትንሽ ከቆየ ደግሞ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ይጠፋዋል። የግቢው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ “እሷ ውሃውን ትቀይራለች፣ ውሃው ደግሞ ቀስ እያለ እሷን ይቀይራታል” እያለ ያሾፍባታል። የጎረቤት ሴቶች የሥራዋ ነገር ሲነሳ “ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ” ይሏታል። ይበሉ። እሷ ውሃውን ታውቀዋለች። በርሜል ውስጥ አሳድራ ኬሚካሉ እስኪወጣለት ትጠብቃለች፤ ሙቀቱን፣ እናት የሕፃን ወተት እንደምትለካው፣ በእጅ አንጓዋ ትለካለች።

አማቷን መጨረሻው ገንዳ አጠገብ በርጩማ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። የገንዳው ብርሃን ፊታቸው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዳንዴ ቱቦዋን ይዛ ዞር ስትል፣ አሮጊቷ ከመስታወቱ ወዲህ ይሁኑ ወዲያ ይምታታባታል። ካፖርቱ ከኋላቸው፣ ጭራሞቹ ከፊታቸው፣ ሁሉም በአንድ አረንጓዴ ብርሃን ውስጥ፣ ሁሉም ዝም ብለው። ያኔ ባልዲዋን ጎትታ ታሰማለች፤ አማቷ ዞር እንዲሉና ከወዲህ መሆናቸውን እንድታውቅ።

ያ መጨረሻው ገንዳ የዶክተሯ የዓይን ብሌን ነበር። ዶክተሯ የክፍሉ ኃላፊ ናት። ጭራሞቹ የመጡበት ኩሬ ውስጥ ነጭ ሻጋታ ገብቶ እንቁራሪቶቹን እየጨረሰ ነው። የሚገርመው፣ ገና ጭራም ሳሉ አይገድላቸውም፤ ካደጉም በኋላ ብዙዎቹ ይችሉታል። የሚያልቁት መሀል ላይ፣ ጭራቸው እየጠፋ እንቁራሪት በሚሆኑባት ጥቂት ጊዜ ነው። ዶክተሯ ያንን መሀል ነው የምታጠናው። ስለዚህ ደንብ አወጣች፦ እጃቸው ብቅ ሲል ምግብ ይቆማል፣ ገንዳው በጨርቅ ይጋረዳል፣ መረብ አይገባም፣ መስታወት አይንኳኳም። እስከ መቼ ቢሏት፣ ጭራው እስኪጠፋ።

እጃቸው ብቅ ያለ ዕለት ውሃ ቀያሪዋ መጋረጃውን ጣለች።

“እነዚህ ልጆች ምሳቸውን አይበሉም?” አሉ አማቷ። ከመጡ ወዲህ ራሳቸው የጀመሩት የመጀመሪያው ወሬ ነበር።

“አሁን አይበሉም እማማ። እጅ ያወጣ አይበላም።”

“ለምን?”

“ይተዉት፣ እንዲሁ ነው” አለችና ባልዲዋን አንጠልጥላ ሄደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ወደው አይደለም። ያቺን “ለምን” ቁጭ ብላ ብትመልስላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

በየጠዋቱ ቤት የጋገረችውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ጭናቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። “እማማ፣ ትንሽ ይቅመሱ፣ ለኔ ሲሉ።” “ቆንጆ ነው፣ ይመስገን” ይሏታል። አንድ ቀን ከበርሜሎቹ ስትመለስ ጨርቁ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ዓይኗን ማመን አቃታት።

“ሁሉንም በሉት?”

“ቆንጆ ነበር” አሉ፣ ወደ መጋረጃው እያዩ።

በማግስቱም ጨርቁ ባዶ ነበር። ያን ሰሞን ውሃ ቀያሪዋ እግሯ መሬት አልነካም። ባሏ ሲደውል “እየበሉልህ ነው” ትለዋለች፤ “የኔን ዳቦ እኮ ነው፣ የኔን።” እሱም ከመንገድ ዳር ሆኖ ይስቃል። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ሲዋኝ እያየች፣ ሕይወት ለካ እንዲህም ትቀላለች ብላ አሰበች።

ከዚያ አንድ ጠዋት በሩን ስትከፍት ሽታው ነገራት። ጎምዛዛ ነው። መጋረጃውን ገለጠች። ውሃው የወተት ዕቃ የታጠበበት መስሎ ነጥቷል። አንዳንዶቹ ጭራሞች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፤ ጭራቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ በቅሏል። እጇን በቀስታ ሰዳ ገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ሥር ዳበሰች፤ የላመ ነገር ያዘች። ስታወጣው ከሥሩ ያረረ የዳቦ ቅርፊት ነው። ዳቦዋ ሁልጊዜ ከሥሩ ያርርባታል፤ ስንት ዓመት ብትጋግር አልተዋትም። የሌላ ሰው ዳቦ ነው እንዳትል እንኳ መሸሻ አላገኘችም።

ሁለት ነገር ባንዴ ገባት። ጭራሞቹን የገደለው የሷ ዳቦ ነው። አማቷ ደግሞ አንድም ቁራሽ አልቀመሱም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። “ዳቦዬን ላለመብላት ብለው ነፍስ ያጠፋሉ?” አለቻቸው። “ሳህን መግፋቱ አልበቃ አለዎት?”

በድሮው ጊዜ ቢሆን ያን ክፍል ጣሪያ ያነሱት ነበር። አሁን ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ከካፖርቱ እጅጌ አውጥተው አዩትና፣ “ራባቸው መስሎኝ ነው” አሉ። “እኔን አላሰኘኝም። እነሱ ግን ልጆች ናቸው። ልጅ እንዴት ጦሙን ይውላል ብዬ ነው።”

ይሄ ከሁሉ ባሰባት። ስትጮህ የሚመልሱላት አማት ነበር የፈለገችው፤ ያገኘችው ለተራበ ልጅ የራሩ እናት ነው። አፍራ ወደ ገንዳው ዞረች።

ዶክተሯ ረጅም፣ እያንሾካሾከች መናገር ልማዷ የሆነ ሴት ናት። ገብታ ገንዳውን ስታይ ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከች።

“መጀመሪያ ውሃውን” አለች።

“በመረብ ላውጣቸው?”

“አይሆንም፣ ድንጋጤው ይጨርሳቸዋል።”

ዶክተሯ የነጣውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ከታች ትስባለች፤ ውሃ ቀያሪዋ በርሜል ያደረውን ከላይ እንደ ጠል ታንጠባጥባለች። እንዲህ ሲሠሩ ጊዜው የት እንደገባ አይታወቅም። አማቷ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና በቀጭን ድምፅ ጠየቁ።

“ዳቦ እኮ ነፍስ አይገድልም። ምን ሆኑ?”

“እማማ፣ አንገታቸው ሥር አንዲት እጢ አለች” አለች ዶክተሯ፣ ዓይኗን ከቱቦው ሳትነቅል። “ጊዜው ሲደርስ ሆርሞን ትለቃለች፤ በደም የሚላክ ትእዛዝ በሉት። ጭራ ሂድ፣ እግር ና፣ የውሃ መተንፈሻው ስንጥብ ተዘጋ ትላለች። አንጀታቸው ሳይቀር ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። አንጀቱ ጥገና ላይ ያለ ፍጡር ታዲያ ምን ይብላ?”

“ታዲያ ከየት በልተው ይኖራሉ?”

“ከጭራቸው። ጭራው ተቆርጦ አይወድቅም፤ ሰውነታቸው ቀስ እያለ መልሶ ይበላዋል። በሱ ነው የሚሰነብቱት።”

አማትየው የካፖርቱን ጫፍ ከወለሉ ወደ ጭናቸው ሰበሰቡ።

“ሻጋታውስ?” አለች ውሃ ቀያሪዋ። “ዱሮም እኮ ከውሃው አይጠፋም። አይነካቸውም ነበር።”

“ዱሮ ዘበኛ ነበራቸው። ደማቸው ውስጥ ያሉ፣ ባዕድ ነገር ሲመጣ የሚያባርሩ ሕዋሳት። አሁን አብዛኞቹ የሉም። ከእጢዋ ትእዛዝ ጋር የጭንቀት ሆርሞን የምንለውም አብሮ ይነሳል፤ ዘበኞቹን የሚያሰናብታቸው እሱ ነው። በዚያ ላይ ዳቦው ውሃውን ሲያበላሸው ሻጋታው ሠርግና ምላሽ ሆነለት።”

“ዘበኞቹ ምን በደሉ?” አሉ አማቷ።

ዶክተሯ ጥቂት አሰበችና ፈገግ አለች። “አንድ ቤት ውስጥ ያረጀ ዘበኛ ያስቡ እማማ። የሚያውቀው የድሮውን ቤተሰብ ብቻ ነው። አንድ ቀን የቤቱ ልጅ ሚስት አግብቶ ይዞ ይመጣል። ዘበኛው አያውቃትማ፤ ሌባ መስላው በዱላ ይላታል። እግሩም አዲሱ ቆዳም ለነዚህ እንደዚያች ሙሽራ ነው። የራሳቸው ነው፣ ግን የድሮው ዘበኛ አያውቀውም። ስለዚህ ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት ዘበኛው ይሸኛል።”

ፓምፑ ብቻ ያጉረመርማል። ውሃ ቀያሪዋ ቀና ብላ አማቷን ለማየት አልደፈረችም።

“ቤቱ ያለ ዘበኛ ይከርማል ታዲያ?” አሉ አማቷ ቆይተው።

“ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ አዲሶቹ ይመጣሉ። እነሱ አዲሱ ቤት ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ ሙሽራዋን ያውቋታል፣ ለሷም ይዋጉላታል።”

“እስከዚያስ?”

“እስከዚያ ንጹሕ ውሃና ዝምታ ነው። ብናስደነግጣቸው ያ የጭንቀት ሆርሞን ከልኩ ያልፍና የቀሩትን ጥቂት ዘበኞችም ይወስዳቸዋል።”

ከሥራ ሲመለሱ አማቷ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን እያዩ ነበር። ከተማው በመስታወቱ ላይ እየቀለጠ ያልፋል።

“ያቺ ዶክተር ማን ነገራት?” አሉ ድንገት።

“ምኑን?”

“የኛን ነገር።”

ውሃ ቀያሪዋ ሳቋ አምልጧት ወደ መተላለፊያው ዞረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን ወሬያቸውን በእንቁራሪት በኩል ሰሙት።

ልማድ ግን ክፉ ነው። ያን ሁሉ ሰምታ ቤት ስትገባ ሾርባ አሞቀችና ማንኪያውን ሞልታ “ይብሉ እንጂ እማማ፣ አንዴ ብቻ” እያለች ወደ አፋቸው አስጠጋች። አማቷ ትከሻቸው ሽምቅቅ አለ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። ያን ዓይን ታውቀዋለች። መረብ ሲገባ ጭራሞቹ እንዲያ ነው የሚሆኑት። እጇ አየር ላይ ቀረ። የሰነበተችው ለካ ስትመግባቸው ሳይሆን ስታስደነግጣቸው ነው።

ማንኪያውን መለሰች፣ ሳህኑን አነሳች። መጋረጃውን እስከ ግማሽ ሳበች፤ በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

“ከእንግዲህ አላስጨንቅዎትም” አለቻቸው።

ባሏ ሲደውል እውነቱን ነገረችው። “አልበሉም። እስካሁንም አልበሉም፤ የበሉ መስሎኝ ተሞኝቼ ነበር።”

በስልኩ ውስጥ የመኪናው ሞተር ብቻ ይሰማል። “ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው?”

“ምንም። ውሃ እየቀየርኩ ነው።”

“እናቴ በረሃብ ልትሞት አንቺ ውሃ...” አለና ድምፁ ተቆረጠ። “መጣሁ። ዕቃውን አራግፌ መጣሁ።”

ስልኩን አስቀመጠች። ቢሞቱስ? ሰውየው እናቱን የሰጣት እንድታበላለት ነው፤ እሷ ዝም ብላ ልትቀመጥለት ነው። እንቁራሪትና ሰው አንድ እንዳይደሉ ደግሞ እንኳን እሷ ጭራሞቹም ያውቃሉ። አማቷን እስከ ዛሬ እንደዚህ ፈርታላቸው አታውቅም። ፈርታ ብቻም አይደለም፤ እንዲኖሩላት ፈለገች። አደራ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ያለ እሳቸው “አንሶታል” ያ ወጥ ቤት ጭር ስለሚልባት ነው።

ከዚያ ወዲህ የነበሩት ቀናት አንዱ ከአንዱ አይለዩም። ጠዋት አብረው ክፍሉ ይውላሉ፤ ውሃው ይንጠባጠባል፤ ማንም አይናገርም። ከሰዓት በኋላ ቤት። ውሃ ቀያሪዋ ራሷ ዘበኛ ሆነች። ሊያጽናና የመጣ ጎረቤት ካስነጠሰ ከደጅ ትመልሰዋለች። ወሬ የምታበዛዋን “ተኝተዋል” ትላታለች፤ አማቷ ከመጋረጃው ጀርባ ዓይናቸውን ከፍተው ይሰሟታል። ወተት ያለበት ሻይ ጠረጴዛው ላይ ትታ ትወጣለች። ስትመለስ አንዳንዴ ጎድሎ ታገኘዋለች። ማን ጠጣው አትልም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አማቷ ማውራት ጀመሩ። ለማንም አይደለም፤ ለግድግዳው፣ ለጣሪያው። ባላቸው ጫማ ሲገዙ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ሰፋ አድርገው እንደሚገዙ። ሲያፏጩ አንድ ዜማ ብቻ እንደሚያውቁ፣ እሱንም እንደሚስቱት። “ልጅቷን ተያት ይለኝ ነበር” አሉ አንድ ቀን። “ሾርባው እኮ ደህና ነው፣ ምን አርጊ ነው የምትያት ይለኛል። አንተ ምላስ የለህም እለው ነበር።” ውሃ ቀያሪዋ፣ በጭራቸው ነው የሚሰነብቱት የሚለው የዶክተሯ ነገር ትዝ አላትና ወሬው እንዳይቋረጥ ትንፋሿን እንኳ ቀነሰች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። በሕልሟ ቤቱ በውሃ ተሞልቷል። አያሰጥምም፤ ልክ በእጅ አንጓዋ እንደምትለካው ለብ ያለ ነው። ወንበሮቹ ቀስ ብለው ተነስተዋል። አማቷ በመሀል ይዋኛሉ፤ ካፖርቱ ከኋላቸው ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር ያጥራል። እሷም ልትከተላቸው ስትል እግር የላትም። ግን አልፈራችም። አማቷ ዘወር ብለው “የልጄ ሚስት አትቸኩል” አሏት፣ ከፊታቸው ላለች ለሷ፣ ሌላ ሰው እንደሚልኩባት። ስትነቃ ትከሻዋ ላይ ካፖርቱ ተደርቧል። አማቷ ያለ ካፖርት መስኮቱ አጠገብ ቆመው መንገዱን ያያሉ።

በማግስቱ ዶክተሯ መጋረጃውን ገለጠች። ጭራሞቹ አልነበሩም። ከግማሽ የሚበልጡት ተርፈዋል፤ ድንጋዩ ላይ ወጥተው፣ አውራ ጣት የማይሞሉ፣ ዓይናማ እንቁራሪቶች ሆነው ተቀምጠዋል። አንዲት ትንኝ በገንዳው አፍ ገባች። አንዱ ትንሽ እንቁራሪት ዘለለና ሳታት፤ ወድቆ ተገለበጠ፤ ተነስቶ ደግሞ ዘለለ።

“ራበው” አሉ አማቷ።

“አዎ” አለች ዶክተሯ። “አሁን ማብላት ይቻላል።” ከዚያ ወደ ውሃ ቀያሪዋ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፦ “ዳቦ ግን ይቅርብን።”

ያን ዕለት ውሃ ቀያሪዋ ቤት ገብታ ለራሷ ሾርባ ቀድታ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጠች። ደክሟት ነበር። አንድ ማንኪያ ሳትወስድ አማቷ በዝግታ መጡና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ካፖርቱን አልደረቡም። ሳህኑን አዩት። ከዚያ አንድ ጣታቸውን ዘርግተው፣ ያችኑ ጣት፣ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ማንኪያውን ከእጇ ወሰዱ። ቀመሱ። ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ።

“ጨው አንሶታል” አሉ።

ውሃ ቀያሪዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። አማቷ አላባበሏትም። ሾርባውን እስኪጨርሱ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም።

ባሏ የደረሰው እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ በሩን የከፈተው ለክፉ ወሬ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቱን ጠረጴዛው ራስጌ፣ ከሙሉ ሳህን ጋር ሲያገኛቸው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ካፖርቱ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሚስቱ ቀዳችለት። ቀመሰ። የእናቱን የድሮ ቀልድ መልሶ ሊያመጣላቸው ፈልጎ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ።

“ጨው አንሶታል” አለ።

አማትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

“አፍህን ሰብስብ” አሉት። “ልጄ ጠዋቱን ሙሉ ቆማ የሠራችው ነው። ያልጣፈጠው ይተወው።”

ባልየው አንዴ እናቱን አንዴ ሚስቱን አየ። “እማዬ፣ ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ።”

“አንተማ ነህ” አሉ። “ብላ።”

አጎንብሶ መብላት ጀመረ። ውሃ ቀያሪዋ ቀና ማለት አልቻለችም፤ ቀና ብትል እንባዋ ሾርባው ውስጥ ይገባል። ቆየት ብላ፣ አማቷ ወደ መስኮቱ ሲዞሩ፣ የጨዉን ዕቃ ከጠረጴዛው ሥር በጉልበቷ በኩል ለባሏ አቀበለችው። እውነቱን እንናገር ካላችሁ ሾርባው ጨው አንሶት ነበር።